አራቱ ሳጥኖች አይተዋወቁም

ጡረታ ስወጣ የሸለሙኝ ብርድ ልብስ ነው። ለሌላው ሰዓት፣ ለሌላው የግድግዳ ሥዕል ሲሰጡ አይቻለሁ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ብርድ ልብስ ሆነ። አልጠላሁትም፤ ቦንጋ ላይ ክረምቱ ሲገባ ብርድ ልብስ ከሰዓት ይሻላል። ያልተመቸኝ የሥራ አስኪያጁ ንግግር ነው። ወጣት ነው፣ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ወረቀቱን እያየ «አቶ ተሾመ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን አገልግለዋል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ከዚያ በኋላ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እንከን አለኝ። አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። መዝገብ ላይ የተጻፈው ሌላ ስለሆነ ማንም አያውቀውም። ልነግራቸው የሚገባኝ አንድ ሰው ብቻ አሉ፤ እሳቸውም ደካ በምትባል ቦታ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ጋሽ ቆጭቶ ይባላሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሦስት ሳምንት ተገላበጥኩ፤ ብርድ ልብሱ ለዚያ ጠቀመኝ።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ መጨረሻ ሺሺንዳ ላይ ነው፤ የውሃ ሞተር አስነሺ ሆኜ። ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ፣ ጧት ጧት እንዳረጀ በቅሎ እየለመኑ የሚያስነሱት ነበር። አለቃችን ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ነበር የሚያናግረን። ከሚለው ግማሹ አይሰማም፤ ባይሰማም የሚጎድል ነገር አልነበረም። ደሞዙን አላነሳውም። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ብቻ መዋልን ነው። የሞተር ቤቱ ከገበያው ይርቃል፤ በገበያ ቀን የሰዉ ጫጫታ እየመጣልኝ፣ እኔ ግን ከጧት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልናገር የምውልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ማታ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ሳዝዝ የራሴን ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ እሰማው ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ አዲስ የውሃ ጣቢያ ተዛወርኩ። ከተማዋን በስም አልጠራትም፤ ትንሽ ናት፣ የሚያውቃት ያውቃታል። ጣቢያው ከከተማዋ በላይ፣ ከወንዙ ዳር ነው። በከባድ መኪና ተጭነው አራት የብረት ሳጥኖች መጡለት። እያንዳንዳቸው የአንድ ትንሽ ቤት ያህላሉ። በአንዱ ጎን የወንዙ ውሃ ይገባል፤ ኬሚካሉ ይቀላቀላል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፣ በሌላው ጎን ንጹህ ውሃ ይወጣል። የአራቱም ውሃ አንድ ታንከር ውስጥ ይገናኛል፤ እዚያ ክሎሪን ይጨመርበትና ቁልቁል ወደ ከተማው ይወርዳል። ከተማው ካደገ አምስተኛ ሳጥን ይቀጠላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሦስቱ ይሠራሉ። ሳጥኖቹን ያመጣው መሐንዲስ ሲያስረዳን «አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሙሉ ነው» አለን። ደስ የሚል ነገር መሰለኝ። እኔም በዚያን ጊዜ ራሴን እንዲሁ ነበር የማየው።

ጋሽ ቆጭቶ የፈረቃው ኃላፊ ነበሩ። የካፋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ። ቀደም ሲል በአንድ የሻይ ቅጠል ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ላይ ሠርተዋል። አማርኛቸው አጭር ነው፤ አንድ ነገር ይሉና ይተዉታል፣ ቀሪውን አንተ ታስበዋለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላስተማሩኝም። «እይ» ብቻ አሉኝ። አየሁ። ሌላው ሰው መለኪያ ሲያነብ እሳቸው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ይለጥፋሉ። መዝገብ የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ እስክሪፕቶ ውሃ ሲነካው ይሸሻል ይላሉ። ጧት ፈረቃ ሲረከቡ ከሁሉ አስቀድመው ከመውጫው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ይጠጣሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «እኔ የማልጠጣውን ለሰው አልልክም» አሉኝ። እቤታቸውም ውሃ አይፈላም ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይሄን ነገር ለጎረቤት ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ «የእኛ ሰውዬ ውሃ ካፈላሁ እንደ ሰደብኩት ነው የሚቆጥረው» ይላሉ፣ እየሳቁ።

የመድኃኒቱን መጠን ያስተማሩኝ በስድስት ብርጭቆ ነው። ስድስቱንም በወንዝ ውሃ ትሞላለህ፤ ጭቃውን የሚያረጋውን አልሙኒየም ሰልፌት ለአንዱ ትንሽ፣ ለሌላው ጨመር እያደረግህ ትሰጣለህ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት ታማስላለህ፣ ከዚያ እንዳይረበሽ በጣም ቀስ ብለህ። ጭቃው እየተያያዘ ይመጣል። «ጤፍ ካከለ ገና ነው» ይሉኛል፤ «ሰናፍጭ ሲያክል ይወርዳል።» የሚወርደውን ትጠብቃለህ። የጋሽ ቆጭቶ መጠበቅ ሌላ ነው፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ፣ አንድ ሰው ወሬ ቢጀምር በአገጫቸው ዝም ያሰኙታል። ወንዙ ከጫካ ስለሚመጣ በክረምት መጀመሪያ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ይመስላል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉ የሚለው መጠን አይሠራም። እሳቸው ወንዙን ያሸቱና ከስድስቱ ብርጭቆ የትኛው እንደሚጠራ አስቀድመው ይጠቁሙኛል። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ በእርሳሳቸው መዝገብ ላይ ጽፈውታል።

የሥራው ትልቁ ጣጣ እጥበት ነው። የሳጥኑ ማጣሪያ ጭቃ ሲይዝ ከሥር አየርና ንጹህ ውሃ እየተለቀቀበት ይታጠባል። ታዲያ አንዱ ሲታጠብ የሱ ድርሻ የወንዝ ውሃ በሦስቱ ላይ ይጫናል። ሦስቱ ሲጨናነቁ ቶሎ ይቆሽሻሉ። ሁለተኛው እታጠባለሁ ካለ ሸክሙ ለሁለት ይተርፋል። በዚያ ላይ መታጠቢያው ከታንከሩ የሚወሰድ ንጹህ ውሃ ስለሆነ ታንከሩ ይጎድላል።

ጋሽ ቆጭቶ ለዚህ ያበጁት መላ ዳዶ ነበር። ዳዶ የካፋ ገበሬዎች ልማድ ነው፤ ጎረቤቶች ይሰባሰቡና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ ይሠራሉ። በአንድ ቀን ሁለት ማሳ አይጠራም። እሳቸው ከዋንዛ እንጨት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጠርበው፣ በስተው፣ ገመድ አገቡባት። እንጨቷ የተሰቀለችበት ሳጥን ብቻ ይታጠባል። ታጥቦ ሲያበቃ እንጨቷ ወደ ጎረቤቱ ትሄዳለች። ጎረቤቱ ገና ንጹህ ከሆነ ተራውን ያሳልፋል። ሌላ ሕግ የለም። በዚህች እንጨት ለአሥር ዓመት ያህል አንድ ቀን እንኳ ሁለት ሳጥን አብሮ ሳይታጠብ ሠራን።

በእነዚህ ዓመታት የእኔ ኑሮ የግቢው አንድ ክፍል ነበር። ሚስቴ ሁለቱን ልጆች ለማስተማር ብላ ጅማ ወረደች። መጀመሪያ በየወሩ ትመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በየበዓሉ፤ ቀጥሎ ስልክ ሆነ። አልወቅሳትም፤ ከአራት ብረት ጋር የሚኖር ሰው ለወሬ አይመችም። እሑድ እሑድ ጋሽ ቆጭቶ ቤት እበላ ነበር። ቤታቸው ከግቢው በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ በእግር ስድስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ ውሃ የሚቀዱት ግን እንደ ከተማው ሰው ወርደው ከእኛ መስመር ቧንቧ ነው። እትዬ አስካለ «ተሾመ፣ ቆጮው በረደብህ» ሲሉኝ፣ ስሜን በቁጣ የሚጠራ ሰው እንዳለኝ አስብ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ከተማ ቤተሰቤ እነሱ ነበሩ።

ከዚያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ግምገማ፣ ስብሰባ፣ አዲስ መዋቅር። ለጣቢያው አዲስ መቆጣጠሪያ ተፈቀደ፤ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ፓኔል አገኘ። ፓኔሉ የውሃውን ድፍርስነት ራሱ ይለካል፣ የኬሚካሉን መጠን ራሱ ይወስናል፣ ከተጨናነቀ ራሱ መታጠብ ይጀምራል። እኔ ለሁለት ሳምንት ሐዋሳ ሰልጥኜ መጣሁ። ሰርተፊኬት ተሰጠኝ፤ በፕላስቲክ አስለበጥኩት። ስመለስ የፈረቃ ኃላፊነቱ ከጋሽ ቆጭቶ ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው «ደግ ነው» አሉ። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ገደማ ቀርቶት ነበር።

በርክክቡ ዕለት እንግዶች መጡ። ፓኔሎቹን የገጠመው ወጣት መሐንዲስ ሲያዞራቸው ሁለተኛው ሳጥን ላይ የተሰቀለችውን እንጨት አየና «ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ጋሽ ቆጭቶ ሊያስረዱ ጀመሩ። አማርኛቸው እንደ ልማዳቸው ቀስ ያለ ነበር፤ አንድ እንግዳ ሰዓቱን ተመለከተ። እኔ ጣልቃ ገባሁና «የድሮ ነገር ናት፤ ጋሽ ቆጭቶ ሳጥኖቹን እርሻ ያሳርሷቸዋል» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንጨቷን አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ያን ሁሉ ያደረግሁት መሐንዲሱ እንደ ተማረ ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው፤ ዛሬ ስጽፈው ፊቴ ይሞቃል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ቆጭቶ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ተሾመ፣ ሳጥኖቹ አይተዋወቁም» አሉኝ።

«አሁን እኮ ኮምፒውተር አላቸው፣ ጋሽ ቆጭቶ።»

«እያንዳንዱ ለራሱ ነው ያለው። እርስ በርስ የሚነግራቸው የለም።»

«መሐንዲሱ ከእኔና ከእርስዎ ያንሳል ነው የሚሉት?»

ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጋገር አቆምን። ፈረቃ ስንለዋወጥ አንዳችን መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል፣ ሌላው ገብቶ ያነባል። እሑድ መሄድ ተውኩ። እሳቸውም ልከው አላስጠሩኝም። እትዬ አስካለን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ምን ሆናችሁ? ልጆች ናችሁ እንዴ?» አሉኝ። «ሥራ በዝቶ ነው» አልኳቸው። ሥራው እንኳ አልበዛም ነበር፤ ፓኔሎቹ ይሠሩታል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አራት አረንጓዴ መብራት እያየሁ እውላለሁ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ሺሺንዳም አላየሁ። ሺሺንዳ ሞተሩ እንኳ ይፈልገኝ ነበር።

የሆነው የሆነው በክረምት መግቢያ ላይ ነው። በዋዜማው ላይኛው ጫካ ዘንቦ አደረ። ጧት ጋሽ ቆጭቶ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ወጡ፤ መዝገቡ ላይ በእርሳስ «ወንዙ ሸትቷል፤ ተጠንቀቅ» ብለው ጽፈዋል። አንብቤ አለፍኩት። በማግስቱ ከክልል ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ መሐንዲሱ ደግሞ «በእጅ የነካችሁት ነገር ሁሉ ፓኔሉ ላይ ተመዝግቦ ይታያል፤ በራሱ ይሥራ» ብሎ አስጠንቅቆናል።

አራት ሰዓት ገደማ ድፍርሱ ደረሰ። የመጀመሪያው ሳጥን መታጠብ ጀመረ። ትክክል ነው። ውሃው በሦስቱ ላይ ተጫነ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ጀመረ። ብድግ አልኩ። ቀጥሎ ሦስተኛው። ውሃው ሁሉ በአራተኛው ላይ ወደቀ፤ እሱም ደፍረስ ያለ ውሃ እያሳለፈ ወደ ታንከሩ ይሰድ ጀመር። ሦስቱ የሚታጠቡበት ከታንከሩ እየተሳበ ነው፣ የከተማው መስመርም ከዚያው ይጠጣል። የክሎሪኑ ፓምፕ ደግሞ የራሱ ፓኔል፣ የራሱ ሕግ አለው፤ የታንከሩ ውሃ ከአንድ መስመር በታች ሲወርድ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። የትኛውንም ማሽን ብትጠይቀው ትክክል ነው። ጥፋተኛ ብረት አልነበረም። ከተማው ግን ክሎሪን ያልነካው ውሃ ሊጠጣ ነው።

ሦስተኛው ሳጥን ሲጀምር የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። የታንከሩን አወራረድ ሳሰላው የክሎሪኑ ፓምፕ እስኪጠፋ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበረኝ። ሳጥኖቹን ወደ እጅ መልሼ ማስቆም እችላለሁ፤ ነገር ግን የትኛውን? እጥበቱ መሃል ላይ የተቋረጠበት ማጣሪያ ጭቃውን እንደያዘ ይመለሳል። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን በድምፁ ብቻ የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ስድስት ደቂቃ ዳገቱ ላይ ናቸው። በር ላይ ቆሜ ብጣራ እንኳ ይሰሙኛል። ዘበኛውን ብልከው ሮጦ ይደርሳል።

አልጠራኋቸውም። መሐንዲሱ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ጋ ደወልኩ፤ ግምገማ ላይ ናቸው፣ አያነሱም። መልሼ ደወልኩ። ቀና ስል የጋሽ ቆጭቶ ቤት ቆርቆሮ ይታየኛል። እሳቸውን መጥራት «ዳዶው ልክ ነበር» ማለት ነው፤ ያን ለማለት አፌ እምቢ አለ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ የፓምፑ መብራት ሲጠፋ አየሁት። የመውጫውን ቫልቭ መዝጋት ነበረብኝ። እሱንም ያለ ትእዛዝ ከተማውን ውሃ ከለከለ እባላለሁ ብዬ አልዘጋሁትም። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያነሱት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዘጋሁ። «ሕዝቡን ማስጠንቀቅ አለብን?» ብዬ ጠየቅሁ። «ነገ እንግዳ አለብን፤ አታሸብር» አሉኝ። መዝገቡ ላይ «መጠነኛ መቋረጥ» ብዬ ጻፍኩ፤ በእስክሪፕቶ።

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ተቅማጥ በያዛቸው ሰዎች ሞላ። አብዛኛው ሰው ውሃ የሚያፈላ በመሆኑ ብዙም ሳይጎዳ ዳነ። እትዬ አስካለ አላፈሉም። ቀድሞም ኩላሊታቸው ደካማ ነበር። ወደ ቦንጋ ወሰዷቸው፤ በአምስተኛው ቀን ሬሳቸው ተመለሰ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። «ያን ዕለት ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳጥኖቹ ናቸው የወሰኑት» አልኩ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ እውነት ውሸት እንደሚያስንቅ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ስንት ደቂቃ ነበረህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። «የአውቶማቲክ ሥርዓት አለመናበብ» ተብሎ ተጻፈ፤ ፓኔሎቹ ወደ እጅ እንዲመለሱ ተወሰነ። ጋሽ ቆጭቶ ፈረቃ ላይ ስላልነበሩ አልተጠሩም።

ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። ውሃ እቀዳ፣ ወንበር እደረድር ነበር። ሰዎች «እንደ ልጃቸው ነው» አሉ። ጋሽ ቆጭቶ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወንበር መደርደሬን ቀጠልኩ። ሥራ ሲመለሱ መሳቢያውን ከፍተው እንጨቷን አወጡና የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሰቀሏት። ከዚያ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እንነጋገር ነበር፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ኬሚካሉ፣ ስለ ዝናቡ። እንዴት አደሩ፣ ደህና ዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው ደካ ሄዱ። ተሰነባበትን፤ ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ። ያን ማታ ለመናገር አስቤ ነበር፤ በማግስቱም፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሰው ብቻውን የያዘው ኃጢአት እንደማይዝግ ብረት ነው፤ እንዳለ ይቆያል።

ባለፈው ሰኞ ከቦንጋ ተሳፍሬ ደካ ሄድኩ። ጋሽ ቆጭቶ የልጃቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የንብ ቀፎ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ልጃቸው ወንበር አመጣችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስለ ጡረታዬ፣ ስለ ብርድ ልብሱ አወራኋቸው፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሳልናገር እንዳይቀርብኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። መሐንዲሱን፣ ስልኩን፣ ቫልቩን፣ ኮሚቴውን። «ሳጥኖቹ አይደሉም፣ ጋሽ ቆጭቶ። እኔ ነኝ። እርስዎን ላለመጥራት ብዬ ነው» አልኳቸው።

ቀፎውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሦስተኛው ሲጀምር ስንት ደቂቃ ነበረህ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሳጥኖቹ ሲታጠቡ የአየር መንፊያው ድምፅ እኛ ቤት ይሰማ ነበር» አሉ። «የመጀመሪያው ሲጮህ ተኝቼ ነበር። ነቃሁ። ሁለተኛው ሲደርብበት ተነሳሁ። ሦስተኛው ሲጨመር ጫማዬን አደረግሁ። የትኛው መቆም እንዳለበት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ፤ ሁለተኛው ነበር። በር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አሁን ይጠራኛል አልኩ። ዘበኛው ሲመጣ ለማየት መንገዱን አይ ነበር። ቫልቩን መቼም ይዘጋል፣ ይሄንስ አስተምሬዋለሁ ብዬ አመንኩ። የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ያልጠየቅሁህ ይመስልሃል? ብጠይቅህ አንተም ትጠይቀኛለህ። አስካለ አጠገቤ ነበረች። 'ልጁ ብቻውን ነው፣ አትሄድም ወይ?' አለችኝ። 'ካልጠራኝ አልሄድም' አልኳት።»

«እትዬ አስካለ ምን አሉ?»

«ምን ትላለች» አሉ ጋሽ ቆጭቶ። «ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቧንቧው ወረደች።»